ውሃ የጠማው ቁጥር

ውድ ሱደሽ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልክልሽ እችል ነበር። አድራሻሽን አልረሳሁትም፤ ቦርኬራ መንደር፣ ከኩሬው ማዶ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት። ግን አንቺ የተዋረድሽው በአርባ ሰው ፊት ነው። ታዲያ እኔ በምን አፌ ጥፋቴን በታሸገ ፖስታ እነግርሻለሁ? ስለዚህ በየሳምንቱ ስለ ፀጉር መነቃቀል፣ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ባል ማንኮራፋት በምቀባጥርበት በዚህ ገጽ ላይ እጽፍልሻለሁ። አንባቢዎቼ ዛሬን ይታገሱኝ። የሰው ወሬ ሳወራላችሁ ስንት ዓመቴ፤ ዛሬ ወሬው የራሴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጆችሽን አየኋቸው።

ብሂዋኒ ከተማ ላይ የሴቶች ካባዲ ውድድር ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ባላጋራ ሜዳ ገብቶ ነክቶ የመመለሱ ጨዋታችን። አዘጋጆቹ "ጸሐፊዋ ትምጣና ሽልማት ትስጥልን" ብለው ጠርተውኝ፣ አዲሱን ሳሪዬን ለብሼ ድንኳን ሥር ተቀምጫለሁ። ማይክራፎኑ "ቦርኬራ!" ሲል ልቤ ዘለለ። ሰባት ልጆች ሮጠው ገቡ። አረማመዳቸው ያንቺ ነው፦ ግራ እግር ቀድሞ፣ ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ ዓይን ከባላጋራ ጉልበት ላይ ሳይነቀል። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ "እነዚህን ያሠለጠነቻቸው ጓደኛዬ ናት" ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ክንዳቸውን አየሁ። ለቀማ ካለቀ በኋላ ማሳ ላይ የቀረ የጥጥ አገዳ ይመስላል።

ከእረፍት በኋላ አራት ቁጥር የለበሰችው ልጅ ትንፋሿን ይዛ "ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ" እያለች ወደ ባላጋራ ሜዳ ገባች። መሀል ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ማንም አልነካትም። መንገድ እንዳደከመው ሰው ቁጭ አለች፤ ከዚያ በጎኗ ተኛች።

አንቺ ያን ቀን አልመጣሽም ነበር፤ ረዳትሽ ናት የመጣችው። ልጅቷን ወደ ጥላ ሲያመጧት የውሃ ጠርሙስ ይዤ ተነሳሁ። ሳሪዬ ችንካር ይዞት ተቀደደ፤ ይቀደድ።

"ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?"

"ዲክሻ።"

"ዛሬ ምን በላሽ ዲክሻ?"

ከጠርሙሱ ተጎነጨች።

"ትናንትስ?"

"ግማሽ የሮቲ ቂጣ። በኪያር።"

"አሞሽ ነው?"

"ኧረ ደህና ነኝ አክስቴ! ብቻ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። አሁን ሃያ ሦስት ተኩል ነኝ፤ ሃያ ሁለት ካልገባሁ ለክልሉ ቡድን አልላክም።"

"ሃያ ሦስት ተኩል ምን?"

"ስብ ነዋ!" አለችኝ፣ ይቺ ደግሞ ከየት የመጣች መሃይም ናት በሚል ዓይን። "ከመቶ እጅ ሃያ ሦስት ተኩሉ ስብ። አክስት ሱደሽ ማሽን አላት፤ ሃያ ሁለትንም ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ ትመዝነናለች። እሷም አብራን ትወጣበታለች። እሷ አሥራ ዘጠኝ ናት!"

ይህን ስትል ፊቷ በራ። ትወድሻለች፤ አማልክት ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣሻለች።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ "የወር አበባሽስ ይመጣል?" አልኳት።

ግራ ቀኙን አየች። "ከሆሊ በዓል ወዲህ አላየሁም። አክስት ሱደሽ የሥራ ምልክት ነው፣ የሚሠራ ሰው እንደዚያ ነው ብላለች።" ቀጥላ ሳቀች። "ደግሞ ይገላግላል እኮ!"

አብሬያት መሳቅ አቃተኝ። ከሆሊ ወዲህ ሰባት ወር ነው። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ሱደሽ፣ ያ ማሽን ከየት እንደመጣብሽ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወደዚያ ወደ ካባዲ ቡድናችን ካምፕ ልመልስሽ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። እኔና አንቺ አንድ ክፍል፤ ሦስተኛው የገመድ አልጋ ላይ ልብሳችን ተከምሮ፣ እሱ ሥር በቅመም የታሸ ያንቺ የማንጎ አቻር በማሰሮ ተደብቆ። አንቺ ሃያ ሁለት ዓመትሽ፣ ካገባሽ ሁለት ዓመት፣ የቡድኑ የመጀመሪያ ወራሪ፣ ባላጋራ ሜዳ ቀድማ የምትገባ። እኔ ሃያ አንድ፣ ያላገባሁ፣ ተጠባባቂ። ተጠባባቂ ማለት ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም፤ ተቀምጠሽ አታውቂማ። ጓደኛሽ ስትገባ በሙሉ ድምፅሽ ታጨበጭቢያለሽ፤ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ስትነሳ ደግሞ ውስጥሽ አንድ ነገር ቀና ይላል። ወዲያው ታፍኚዋለሽ። ግን ቀና ብሏል።

አሰልጣኝ ዳርያ ሲንግን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ጢማቸውን እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ የሚያሾሉት። ያን ዓመት ነው ማሽኑን ያስመጡት። ጠፍጣፋ መስተዋት፣ ለእግር ሁለት ብረት፣ በጎኑ ደግሞ እንደ ሱቅ ደረሰኝ ጠባብ ወረቀት የምትተፋ ሳጥን። መጀመሪያ ቀን ሰብስበውን "ይሄ ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን ያውቃል! የትናንቱን የጃሌቢ ጣፋጭ ሳይቀር ይናገራል!" አሉ። ግድግዳ ላይ ለጠፉበት፦ ከሃያ አምስት በላይ የሆነች ወደ ቤቷ። ከዓመታት በኋላ ሠርግ ላይ አግኝቻቸው "ጌታዬ፣ ያ ሃያ አምስት ከየት የመጣ ቁጥር ነው?" ብላቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? "በቃል ለመያዝ ይቀላል ብዬ ነዋ ልጄ።" እውነታቸውን ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጣፋጭ ላዱ ጎርሰው እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

እንግሊዝኛ ማንበብ የምችል እኔ ስለነበርኩ የማሽኑ ነገር ለኔ ተሰጠኝ። እመዘግባለሁ፣ ወረቀቱን እቀድዳለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ከማሽኑ ጋር የመጣችውን መጽሐፍ ከካምፑ ሁሉ ያነበብኳት እኔ ብቻ ነኝ። ገጽ ስድስት ዛሬም በቃሌ ነው። ማሽኑ ስብ አያይም ሱደሽ። በእግርሽ ሥር ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ እንዳይሰማሽ ሆኖ። ኤሌክትሪኩ ውሃ ባለበት ሰተት ብሎ ያልፋል፤ ስብ ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ማሽኑ የሚለካው ያንን መቸገር ነው፤ የቀረው ግምት ነው። ሰውነትሽ ውሃ ካጣ መንገዱ ሁሉ ይከብደዋል፤ እሱም ጥማትሽን ስብ ነው ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ጠዋት፣ ከልምምድ በፊት፣ ውሃ የጠገበ ሰውነት ይለካ ይላል መጽሐፉ። እኛ የምንለካው ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ላባችን ሳይደርቅ ነበር።

ያ ቀን ደግሞ ካርዋ ቾት ነበር፤ ሚስቶች ለባላቸው ዕድሜ ጨረቃ እስክትወጣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚጾሙበት።

አሰልጣኙ ከሳምንት በፊት በረንዳው ላይ ቆመው "ለባሏ ዕድሜ የምትጾም ባሏ ዘንድ ሄዳ ትጹም! እኔ ካምፕ ውስጥ ውሃ ያልጠጣች ሴት እንዳላይ!" ብለው ጮኸዋል። በማግስቱ አማትሽ እማማ ፉልወቲ ደወሉ። ስልኩ ጆሮሽ ላይ ሆኖ እንኳ ድምፃቸው እኔ አልጋ ድረስ ይሰማ ነበር። "ልጄ በረዶ ላይ ጠመንጃ ይዞ ቆሞ፣ አንቺ የሱን ዕድሜ በጨዋታ ልትለውጪ ነው? ንገሪኝ፣ ልትለውጪ ነው?" አንቺ ስልኩን ዘጋሽ። ከዚያ "ራጆ፣ በሩን ትጠብቂልኛለሽ?" አልሽኝ።

ጠበቅኩልሽ። ሊነጋጋ ሲል ከወጥ ቤት የሰረቅኩልሽን ጣፋጭ መኮሮኒና ፖም በልተሽ ውሃ ጠጣሽ፤ ጨረቃ እስክትወጣ የመጨረሻሽ ነበረች። መዳፍሽ ላይ ለጾሙ ያደረግሻትን ትንሿን የሂና ክብ በፋሻ የጠቀለልኩልሽም እኔ ነኝ።

"እጅሽ ምን ሆነ?" አሉሽ አሰልጣኙ።

"ጣቴ ተጣሞ ነው ጌታዬ።"

ሙቀቱን አስታውሺ። ከየማሳው የሩዝ ገለባ ጭስ ተነስቶ ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ስምንት ጊዜ ወረርሽ፤ ስድስቱን ነጥብ ይዘሽ ተመለስሽ። ከንፈርሽ ነጭ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሰልፍ፤ ባዶ እግር፣ አርባ ሰው። ተራሽ ደርሶ ወጣሽበት። ሳጥኗ ወረቀቷን ተፋች። ደንቡ ጮክ ብሎ መጥራት ነውና ጠራሁት።

"ሱደሽ፣ ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት።"

"ስንት?" አሉ አሰልጣኙ።

"ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት ጌታዬ።"

"እይዋት እንግዲህ! መንግሥት ለካባዲ ይቀልባል፣ እሷ የጎሽ ቅቤ ታከማቻለች!"

ሳቁ። አቻርሽን ሲልሱ የከረሙት ሳይቀሩ ሳቁ። አንቺ እኔን አየሽኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት "በዓይኗ አደራ ጾሜን አታውጪ እያለችኝ ነበር" የሚለውን ነው። እሱም እውነት ነው። ግን ጾምሽን ሳላወጣ መናገር የምችለው ነገር ነበር። "ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት እንድገመው።" አራት ቃል። ምላሴ ላይ ነበሩ። ዋጥኳቸው፤ ምክንያቱም ካንቺ ቀጥሎ ወራሪ ተብሎ የተጻፈው ስም የኔ ነበር።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ ራሱ ዛሬ ከናንተ ጋር ነው የሚያነበው።

ገና አላለቀም። የባሰው ማግስቱን ነው።

ጠዋት ሻንጣሽን አዘጋጅተሽ የወተት መኪናውን ትጠብቂ ነበር። ማታ ጨረቃዋን አይተሽ ጠግበሽ ጠጥተሻል፤ ጠዋትም አሬራ ጨምረሻል። ፊትሽ ተመልሷል። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ለመዝገብ ነው፣ አንዴ ውጪበት" አልኩሽ። ቁጥሩን ማየት አስጠልቶሽ ጀርባሽን ለሳጥኗ ሰጥተሽ ወጣሽበት። ወረቀቷ መጣች። ሃያ አራት ነጥብ አንድ።

በአንድ ሌሊት አራት ተኩል። ከሃያ አምስት በታች። ቡድኑ ውስጥ ነበርሽ።

"ጨመረ?" አልሽኝ፣ ሳትዞሪ።

"ያው ነው" አልኩሽ።

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። አቀፍሽኝ። "አንቺ ግቢበት ራጆ፣ በኔ ቦታ ሌላ ሰው እንዳላይ" ብለሽኝ ሄድሽ። ወረቀቷ ካልሲዬ ውስጥ ነበረች።

ገባሁበት። ሰባት ጨዋታ ተጫወትኩ፣ ሜዳሊያ አገኘሁ፣ በሜዳሊያው የባቡር መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴ ተበጠሰና ወሬ መጻፍ ጀመርኩ። የኔ ታሪክ ይኸው ነው፤ አያጓጓም።

ያንቺን ግን እናንተ ሠፈር የተዳረችው አክስቴ እየመጣች ትነግረኝ ነበር፣ ወሬ እንደማልጠግብ ታውቃለችና። "ያቺ ጓደኛሽ ወተት ተወች። ቅቤ ተወች። አማቷ የጋገሩትን ሮቲ ለውሻው ትጥላለች። ጎህ ሳይቀድ በመስኖው ዳር ትሮጣለች፤ አብዳለች መሰለኝ።" እኔ "እሰይ፣ ለመመለስ ነው" እላለሁ። ባልሽ ጃግቢር ከበረዶው ግንባር በሃያ ቀን ፈቃድ መጥቶ ሄደ፤ የወር አበባሽ ቀረ፤ እማማ ፉልወቲ በደስታ ለመንደሩ ሁሉ ላዱ አደሉ። አራተኛው ወር ላይ አንዲት ሐኪም "እዚህ ውስጥ ምንም የለም፤ ይቺ ልጅ የራባት ናት" ስትል፣ መንደሩ ደግሞ ጣፋጩን በልቶ ሲያበቃ "ታዲያ ላዱው ለማን ልጅ ነበር?" እያለ ተሳለቀ። በዚያው ክረምት መኖ ተሸክመሽ ስትመጪ፣ ሳትወድቂ፣ ሳትመቺ፣ የቅልጥምሽ አጥንት ተሰነጠቀ። ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነበር።

እኔ ያኔም ወረቀቷ ነበረችኝ። ያኔም አልመጣሁም።

ለዚህ ደብዳቤ ብዬ ሮህታክ ያለች አንዲት የስፖርት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። "ስንት ከመቶ ነው ትክክሉ?" አልኳት። ሳቀች። "ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው" አለች። እሷ እንዳለችኝ፣ የሴት ሰውነት ያለ ስብ አይሠራም፤ ማህፀኑም አጥንቱም በሱ ነው የሚኖሩት። ለወንድ ብዙ የሆነው ለሴት ልክ ነው፤ ሃያና ሃያ አራት ሆና እንደ ነብር የምትሮጥ ሴት ሞልታለች። ቆዳን በመቆንጠጫ ይዞ መለካትም አለ፤ እሱ ደግሞ እንደ ቆንጣጩ እጅ ነው። ማሽኑን ጣሉት አላለችም። መለካት ያማራት አዋቂ ሴት በራሷ ማሽን፣ በአንድ ሰዓት፣ ውሃ ጠጥታ ትለካና ከወራት በኋላ ከራሷ ጋር ታስተያየው እንጂ ከጎረቤቷ ጋር አይሁን ነው ያለችው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ግን በቁጥር ማሳደድ ነውር ነው አለች፤ ቃሉን የተናገረችው እሷ ናት። የወር አበባ ሦስት ወር ከጠፋ ደግሞ ሰውነት ሱቁን እየዘጋ ነው፤ ቀጥሎ የሚከፍለው አጥንት ነው። ይህን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቅልጥምሽ ያውቀዋል።

ለምን እንደምታደርጊውም ይገባኛል። ማንም አሰልጣኝ ከነዚያ ልጆች አንዷን በአርባ ሰው ፊት "ቅቤ" እንዳይላት ነው። ቀድመሽ ልትደርሺላቸው ነው። ካንጀትሽ ስለምትወጃቸው ነው የምታስርቢያቸው። ግን የምትጠብቂያቸው ከሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት ነው፣ እኔ እንደገባኝ፤ ያ ቁጥር ደግሞ ያንቺ ሆኖ አያውቅም። የጥማትሽ ቁጥር ነበር። ጮክ ብዬ የጠራሁትም፣ ሐሰት መሆኑን ያየሁትም እኔ ነኝ።

ከብሂዋኒ እንደተመለስኩ የሜዳሊያውን ሳጥን ከፈትኩ። ወረቀቷ እዚያው ናት። ልልክልሽ ነበር፤ ማስረጃ ይኸውልሽ ብዬ። ገለጥኳት። ነጭ ናት። ያ ዓይነት ወረቀት ጽሑፉ በጊዜ ይጠፋል ለካ። መስኮት ላይ ለፀሐይ ይዤ አገላበጥኳት፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀረችም። ስለዚህ የቀረሽ የኔ ቃል ብቻ ነው፤ "ያው ነው" ያለችሽ ሴት ቃል። እንዳታምኚኝ ብትወስኚ አልፈርድብሽም።

ለዚህ ነው ልመጣ የወሰንኩት። ለካርዋ ቾት አሥር ቀን ቀርቶታል። ባሌ ዕድሜው ሊረዝምለት መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው፤ በዚያን ቀን ምሳውን ራሱ እንደሚሠራ ሲሰማ ደስታው ቀዘቀዘ። ያንቺው ጃግቢር ጤነኛ ነው አሉ፤ ጾምሽስ ሠርቷል። ሳይነጋ ደጃፍሽ እደርሳለሁ። አብረን እንጹም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹ ከበውን እያዩ እኔና አንቺ ማሽንሽ ላይ እንውጣ፤ ዲክሻ ጮክ ብላ ትጥራው። ማታ ጨረቃዋን አይተን እንጠጣ፤ ጠዋት አሬራ ጨምረን እንደገና እንውጣ፤ አሁንም ዲክሻ ትጥራው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ሜዳሊያውን ይዤ ስለምመጣ ኩሬው ውስጥ ወርውሪው። ከተለያዩ ግን ያን ሃያ ሁለት የሚለውን ከግድግዳሽ ላይ አንሺልኝ።

ዲክሻን ግን እስከዚያ አታቆዪያት። ውርርዱ የኔና ያንቺ ነው፤ የእሷን አጥንት አናስይዝም። ዛሬ ይህን እንዳነበብሽ ጥሪያትና በቅቤ የታሸ ሮቲ አብያት፤ አንዱን አይደለም፣ እስክትጠግብ። ነገ ሮህታክ ወዳለችው ሐኪም ውሰጃት። "አክስት ሱደሽ ተሳስቼ ነበር አለችኝ" ብላ ብታወራ ምንም አትሆኚም። እኔ ይኸው ለአገር ሁሉ አወራሁት፤ አልሞትኩም።

ነጩን ወረቀት ዛሬ ጠዋት በፖስታ ልኬልሻለሁ። በእስክሪብቶ ሃያ አራት ነጥብ አንድ ብዬ ልጽፍበት እጄ ሄዶ ነበር፤ ተውኩት። ባንቺ ስም ከዚህ በኋላ ምንም ቁጥር አልጽፍም።

ሰማያዊውን በር ክፈችልኝ። ባትከፍቺውም ደጃፍሽ ላይ ተቀምጬ እጾማለሁ፤ መቀመጥ የተጠባባቂ ሙያ ነው።

ያው አልነበረም፣ ሱደሽ።

በርሽን ጠባቂ፣
ራጆ